ዓሲያን ፈረስ ላይ ያወጣት ሰው

ፋኢዛ ሰቆጣ ገበያ አጠገብ ጨርቅ ትሸጣለች። ደንበኛ ቢጨቃጨቃትም ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ነበረች። አንድ ልጅ አለቻት፣ ዓሲያ። ዓሲያ አሥር ዓመቷ ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ እግሮቿ ግትር ናቸው፣ ብቻዋን አትቆምም። አፏ ግን ስለት ነው።

ባለፈው ጥቅምት የሻምበል የሚባል ሰው ከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ «የፈረስ ሕክምና ለአካል ጉዳተኞች» የሚል ጨርቅ ሰቀለ። ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ፈረስ ላይ መቀመጥ ወገብ እንደሚያጠና፣ ጅማት እንደሚያፍታታ አስረዳ። ፋኢዛ አመነችው። ዓሲያ መጀመሪያ ሰሞን ፈረሱ ላይ ሆና ስትስቅ እናቷ ቆማ አለቀሰች።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ «ዳሌዬን አሞኛል፣ አውርደኝ» አለች።

«ጅማቷ እየተፍታታ ነው፤ ማመሙ ደግ ነው» አለ የሻምበል። እግሮቿን በኃይል ፈልቅቆ ከኮርቻው ጋር በጨርቅ አሰራቸው። ፈረሱ እህል ጭኖ ገበያ የሚመላለስ ነው፤ ሞተር ሳይክል ሲያልፍ ደንብሮ ዘለለ። ልጅቷ አልወደቀችም፤ ታስራለች። ብትወድቅ ይሻላት ነበር።

ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒስቷ ሠርካለም ራጁን መስኮት ላይ ለጥፋ ለፋኢዛ አሳየቻት። የጭኗ አጥንት ከመገጣጠሚያው ወጥቷል።

«ከመጀመሩ በፊት ራጅ ተነሥታ ነበር?»

«ምንም አልጠየቀንም።»

«እንደ ዓሲያ ያሉ ልጆች ዳሌያቸው ቀድሞም የላላ ሊሆን ይችላል፣ እህቴ። የተማረ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የፈረስ ሕክምናው ሐሰት አይደለም። ባለሙያ ሲሠራው፣ ለዚሁ በተገራ ፈረስ፣ ግራና ቀኝ የሚደግፍ ሰው ቆሞ፣ ይጠቅማል። እኔ ራሴ ያለዚያ ሥልጠና አልነካውም።»

ፋኢዛን ከሁሉ ያበገናት ይኸው ነበር። ነገሩ ውሸት ቢሆን በራሷ ሞኝነት ትናደድ ነበር። ሰውየው ግን እውነቱን ነው ያበላሸባት።

ሊያስታርቁ ሽማግሌዎች መጡ። የፈረሱ ባለቤት አያ ካሤም አብረው ነበሩ። «የሻምበል ቅን ልጅ ነው፤ ለጽድቅ ብሎ ነው ያደረገው» አሉ አንደኛው።

«ዳሌ በቅንነት ነው እንዴ የሚታየው?» አለች ፋኢዛ። «ባጃጅ የሚነዳ እንኳ መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል። የእኔን ልጅ የሚነካ ምን ተጠየቀ? የምስክር ወረቀቱን አይታችሁታል? እኔ ዛሬ አየሁት። የሦስት ቀን ስብሰባ ተካፍሏል ይላል። ስለ ሕመም አንድ ቃል የለበትም።»

አያ ካሤ አንገታቸውን ደፉ። «ፈረሴ ለዚህ አልተገራም ብዬው ነበር።»

«ለእኔስ ለምን አልነገሩኝም፣ አያ ካሤ?»

ሽማግሌዎቹም እንደ መጡ ተመለሱ።

ዓሲያ ደሴ ሄዳ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሁለት ወር በጀርባዋ ተኛች፤ ዛሬም እንደ ድሮው ረጅም ሰዓት መቀመጥ አትችልም። የሰቆጣው ሜዳ በመንግሥት ደብዳቤ ተዘጋ።

በሚያዝያ አንዲት ከአምደወርቅ የመጣች ገዢ፣ ነጠላ እየመረጠች፣ የሻምበል እዚያ ጨርቁን እንደ ሰቀለ አወራች። ፋኢዛ ሜትሯን አስቀመጠች። በማግሥቱ ጠዋት ዓሲያን ለእህቷ ትታ፣ ራጁን ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ሜዳው ላይ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተራ ይጠብቃሉ። ፋኢዛ መካከላቸው ቆማ ራጁን ወደ ፀሐይ አነሣችው።

«ይህ የልጄ ዳሌ ነው። እንዲህ ያደረጋት እሱ ነው።»

የሻምበል ተጠጋ። «ፋኢዛ፣ በጣም አዝኛለሁ። ግን ከዚያ ብዙ ተምሬአለሁ።»

«በልጄ አካል ነው የተማርከው?» አለችው። «ትምህርት ቤት ጠፍቶ?»

ልጇ ፈረሱ ላይ የነበረባት እታገኝ የምትባል እናት ራጁን ተቀብላ አየችው። ከዚያ ሄዳ ልጇን ከፈረሱ አወረደች። ሌሎቹ አልተንቀሳቀሱም። «እሱ ከሄደ ሌላ ማን አለን?» አለች አንዷ።

ፋኢዛን አናደዳት፤ ሴትዮዋ ግን ልክ ነበረች። የሠርካለምን ስልክ ለእያንዳንዳቸው አጻፈች። ከዚያ ይህም ሜዳ እንዲዘጋ ልታመለክት ወደ ወረዳው ቢሮ ሄዳ፣ ኃላፊው እስኪመጣ ደጃፉ ላይ ቆመች። ወንበር ቢያቀርቡላትም አልተቀመጠችም።