ነጎድጓድ አየር ሲውጥ

የአውቶቡስ ጣቢያውን ለፋፊ ሰው ሁሉ «ነጎድጓድ» ነበር የሚለው። ማይክሮፎኑን ጨብጦ መነሻ ሰዓት ሲለፍፍ የሚያለቅስ ሕፃን ዝም ይላል፤ መንገደኛው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይሮጣል። ሰው መቼም በኩራቱ በኩል ነው የሚመታው። ጉሮሮው ላይ ዕጢ ወጣና ሐኪሞች ማንቁርቱን ከነድምፁ አወጡት። አሁን የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተከፈተች ቀዳዳ ነው፤ እሷንም በስስ ሻሽ ይሸፍናታል።

ጽፎ መግባባት ይችል ነበር፤ ግን ሚስቱ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ሳሎን ስትገባ እጇን ወደ ባዶው ዘርግታ «አለህ?» ትላለች። እሱም ጠረጴዛውን ኳ ያደርጋል። «እንጨት ነው ለካ ያገባሁት!» ብላ ትስቃለች።

የንግግር ሐኪሟ፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ወጣት፣ መስታወት ፊት አስቀመጠችው።

«አባባ፣ አፍዎ ውስጥ ያለው ሁሉ በሥራ ገበታው ላይ ነው። ምላስዎ፣ ላንቃዎ፣ ጥርስዎ፣ ከንፈርዎ አሉ። የጠፋው የሚቀርጹት ድምፅ ብቻ ነው። ትንሽ አየር ይዋጡና መልሰው ያግሱት፤ የምግብ መውረጃው ሲንቀጠቀጥ ድምፅ ይሆናል።»

ነጎድጓድ ዓይኑን አፈጠጠ። ይሄ ሰው እኮ ዕድሜውን ሙሉ በማዕድ ላይ ላገሳ ልጅ ምሕረት አልነበረውም! ወረቀት ስቦ «ነውር ነው» ብሎ ጻፈ።

«ነውሩን ለእኔ ይተዉት» አለችው።

በ«ፓ» ጀመሩ፤ በ«ታ»ና በ«ካ» ቀጠሉ። ከንፈርና ምላስ ሲገጥሙ አየሩን ራሳቸው ገፍተው ያስገቡታልና እነዚህ ይቀላሉ። እሱ ግን «አለሁ» ብሎ ጻፈላት። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። «ይህች ከባድ ናት። በሯ ሁሉ ክፍት ነው፤ አየሩ የሚደገፍበት የላትም።» እሱ ግን «እሷኑ ነው» እንደማለት የጻፋትን ቃል በጣቱ ደጋግሞ ነካት።

ከሰዓት በኋላ ሲያሸልበው በሕልሙ ወደ ራሱ አፍ ይገባ ነበር። ጥርሶቹ እንደ ጣቢያው አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ላንቃው ከፍ ያለ ጣሪያ ሆኗል፤ ምላሱ እርጥብ ወለል ሆኖ ከእግሩ ሥር ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ይወርዳል። መንገደኛ የለም። ከታች፣ ከጨለማው፣ አንድ ነገር እየተንከባለለ ይመጣል፤ ምን እንደሆነ ሊያይ ጎንበስ ሲል ይነቃል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ነው። ሾርባው ይጨሳል። ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እሱ የተቀመጠው ግን በግራዋ ነበር።

«አለህ?»

እጁ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ኳ ሳያደርግ እጁን መለሳት። አየሩን ዋጠ፤ ምላሱን ዝቅ አደረገ፤ ያ ሲንከባለል የከረመው ነገር ደረቱን እያንኳኳ ወጣ።

«አ... ለሁ።»

የዛገ በር ይመስል ነበር። ሚስቱ ክው አለች። «በማዕድ ላይ!» አለች፤ «አንተ! አንተ ነህ በማዕድ ላይ ያገሳኸው?» ሳቋን ለቀቀችው፤ መሀል ላይ ግን እንባ ቀደማት። ፊቷን ከመስኮቱ መልሳ ወደ እሱ ዞረች። እጇን ዘረጋች፤ ሳትዳብስ፣ ሳትስት፣ ጉንጩን አገኘችው።

«አለህ?» አለች ደግማ።

አየር ዋጠ። «አለሁ።»

ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ስትጠይቀው ቆየች።