አብሮ የሚሳፈር መካኒክ

በኖርዳል የአየር ሜዳ መካኒክ የሚመረጠው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ አብሮ ይሳፈራል ወይስ አይሳፈርም? ሕጉ እያንዳንዱ አውሮፕላን በዓመት አንዴ ተፈታትቶ ይፈተሽ ይላል እንጂ ፈታሹ ይሳፈር አይልም። እሱን የጨመሩት የኖርዳል ገበሬዎች ናቸው፤ ኩራታቸውም እሱ ነው። ከፍተሻው በኋላ በመጀመሪያው በረራ መካኒኩ ቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀበቶውን ካላሰረ፣ ያ ፍተሻ እንደ ፍተሻ አይቆጠርም። “ነፍሱን ያስያዘ ሰው አይዋሽም” ይላሉ። ሲሉትም ከልባቸው ነው።

በዚህ ሚዛን ኤይናርን የሚያህል አልተገኘም። ኤይናር ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁመተ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። የማርሊስ ትቬት አባት በሕይወት ሳሉ ባለ አራት መቀመጫዋን አውሮፕላን የሚፈትሹላቸው እሳቸው ነበሩ። አባትየው ሞተው አውሮፕላኗ ለማርሊስ ስትተላለፍም መካኒኩ አብሮ ተላለፈ። ማርሊስ ስንዴና ሱፍ የምታርስ፣ ባሏን ከፈታች የቆየች፣ ከሰው ይልቅ ሞተር የምታምን ሴት ናት፤ ኤይናርን ግን እንደ ሞተር ታምናቸው ነበር። ባለቤታቸው አርዲስ ባረፉ ጊዜ ሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዷ እሷ ናት።

ነገሩን ያመጣችው ልጇ ብሪታ ነች። ብሪታ በክረምቱ የአብራሪነት ፈቃዷን አገኘች፤ ከዚህ ዓመት ፍተሻ በኋላ አውሮፕላኗን ብቻዋን ይዛ ኮሌጅና ቤቷ ልትመላለስባት ተስማምተዋል። እንግዲህ ፍተሻው ለማርሊስ እንደ ወትሮው አልሆነም። እስከ ዛሬ የራሷን ነፍስ ነበር የምታስፈትሸው፤ አሁን የልጇን ሆነ። ብሪታ ደግሞ አውሮፕላኗ የኔ ልትሆን ከሆነ መካኒኳንም እኔ ልምረጥ አለች። የመረጠቻትም በአውራጃው ከተማ ያለችውን ጆሊን ቫሼክን ነው።

ጆሊን አትሳፈርም። ማርሊስ ስልክ ደውላ ስትጠይቃት ሳትደባብቅ ነገረቻት።

“አብሬሽ መሞቴ ምን ይጠቅምሻል? ይልቅ አሮጌ ልብስ ልበሺና ነዪ፤ ካቻቪቴ እሰጥሻለሁ፣ አብረን እንፈታለን።”

ቅዳሜ ጠዋት ይህ ወሬ በኤይናር ሃንጋር፣ አውሮፕላን በሚጠግኑበት አዳራሽ ውስጥ፣ ተነሳ። ቅዳሜ ቅዳሜ አውሮፕላን ያለውም የሌለውም እዚያ ተሰብስቦ ፓንኬክ ይበላል፤ የሚጋግሩት ኤይናር ራሳቸው ናቸው፣ በአርዲስ ሙያ። ላይል የሚባለው የማርሊስ ጎረቤት፣ ቢጫ አውሮፕላን ያለውና አፉ የማያርፍ ሰው፣ ጆሊንን የሠራችውን የማትቀምስ ሾርባ ሠሪ አላት። ሚስቱ ኮሪን ጠረጴዛውን እየመታች ሳቀች። አንዱ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ሲል፣ ሌላው ተቀብሎ እኛ እኮ የምናውቀው መልአኩን ነው አለ። ማርሊስ ፊቷ ቀላ። ኤይናር ጀርባቸውን ሰጥተው ፓንኬክ እየገለበጡ ነበር።

“ውሰጅላት፤ ደህና ልጅ ናት” አሉ፣ ዞር ሳይሉ።

ማርሊስ የተቀየሙ መሰላት። በልቧ ይህን አንድ ዓመት የልጄን ፍላጎት ልሙላ፣ ከርሞ ወደ እሳቸው እመለሳለሁ፣ እስከዚያው የሚወዱትን ኬክ ጋግሬ እክሳቸዋለሁ አለች። ጥፋተኛዋ እሷ እንደሆነች ነበር የምታስበው። ሰው እንዲህ ነው፤ የሚያፍረው ማፈር በሌለበት ቦታ ነው።

ረቡዕ እናትና ልጅ በረው ወደ ጆሊን ሄዱ። ብሪታ ግራ ወንበር ላይ ሆና አበረረች፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ በረዶው ከእርሻው ላይ ገና መሸሽ የጀመረበት ጊዜ ነበር። በጥሩ ሁኔታ አሳረፈቻት። ማርሊስ ልጇን እያየች ደስ አላት፣ ትንሽም ቅናት ቢጤ ነካት።

ጆሊን አጠር ያለች፣ ማስቲካ የምታኝክ፣ ፀጉሯን በሻሽ የጠቀለለች ሴት ናት። ሰላምታዋ አጭር ነው። ለብሪታ የወንበሮቹን ሥራ ሰጠቻት፤ ለማርሊስ ካቻቪቴና ባለ ጎማ መተኛ ሰጥታ ከጭራው በታች ያሉትን ክዳኖች ፍቺ አለቻት። ክዳኖቹ ትንንሽ የላሜራ ሳህኖች ናቸው፤ በቪቴ የታሰሩ ሲሆን፣ ሲከፈቱ በጭራው ውስጥ የሚያልፉት የሽቦ ገመዶች ይታያሉ። ፍተሻ ማለት እነሱን ከፍቶ ማየት ነው። ሳይከፍቱ ፈተሽኩ የሚባል ነገር የለም።

ማርሊስ በጀርባዋ ተኝታ ወደ ውስጥ ተንሸራተተች፤ ካቻቪቴውን ወደ መጀመሪያው ቪቴ ስትሰድ ተንሸራቶ ወጣ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም አልያዘላትም። ባትሪ አበራችና ቀረብ ብላ አየች። የቪቴው ጎድጓዳ በነጭ ቀለም ተሞልቷል። ቀጣዩም እንደዚያው። ቀለሙ ከክዳኑ ወደ ቪቴው፣ ከቪቴው ወደ ክዳኑ አንድ ስንጥቅ እንኳ ሳይኖረው ተዘርግቷል፤ የቀባው ሰው ሰንፎ ሁሉንም ባንድ ላይ ቀብቶት ነበር።

አውሮፕላኗ የተቀባችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፣ አርዲስ በሞቱበት ዓመት መጨረሻ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተፈትሻለች።

ማርሊስ ክው አለች። መጀመሪያ የተናደደችው በራሷ ዓይን ላይ ነበር። ተንሸራታ ወደ ሁለተኛው ክዳን ሄደች፤ ያው ነው። ወደ ክንፉ ሄደች፤ ያው ነው። ተነሥታ ጆሊንን በእጇ ጠራቻት፤ ጆሊን ፊቷን አይታ መጣች። ቀለሙን በስለት ፋቀች፣ ቪቴዎቹን አንድ በአንድ ፈታች፣ ክዳኑ ወደቀ። ከኪሷ ጨርቅ አወጣችና አንዱን የሽቦ ገመድ ጠቅልላ ይዛ በጨርቁ ሳበችው። ጨርቁ መዘውሩ አጠገብ ሲደርስ ተያዘ። የተበጠሱ የሽቦ ክሮች እንደ እሾህ ወግተው አቆሙት። ጆሊን ባትሪዋን አስጠግታ አየች፤ ማኘኳን አቆመች።

“ዛሬ ጠዋት በዚህ ነው የመጣችሁት?”

ማርሊስ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ያ ገመድ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ነው። ከግማሽ በላይ ተበጥሷል፤ ብሪታ ጠዋት መሪውን ስትስብ የያዘላት ያልተበጠሰው ቀሪው ብቻ ነው። ብሪታ ወንበሩን እየፈታች ታንጎራጉር ነበር። ማርሊስ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። እሷን ግን ያስደነገጣት መከዳቷ ብቻ አልነበረም፤ ነገሩ አልገጥም አላት። አጭበርባሪ መካኒክ ሞልቷል፤ አጭበርባሪ ግን ነፍሱን ይወዳል፣ ያላየው አውሮፕላን ላይ አይወጣም። ኤይናር ሦስቱንም ዓመት አብረዋት ወጥተዋል። ቀበቷቸውን አስረው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በመስኮት ቁልቁል እያዩ። አምና እንዲያውም ብሪታ ከኋላ ነበረች። ታዲያ እንዴት? ምናልባት ዓይናቸው ደክሞ ይሆን? ምናልባት የከፈቱ መስሏቸው ይሆን? ሳይታወቃት ምክንያት ትፈልግላቸው ነበር።

ጆሊን የፈታቻቸውን ቪቴዎች ከነቀለማቸው ኪሷ ከተተች። ጆሊን ሳትጠየቅ የፒካፕ መኪናዋን ቁልፍ ወረወረችላት። ብሪታን እዚያው ትታ ወደ ኖርዳል ነዳች፤ መንገዱን እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም።

ስትደርስ የላይል ቢጫ አውሮፕላን ከኤይናር ሃንጋር ፊት ለፊት ቆሟል። ላይል መሪው ጋ፣ ኮሪን ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ፍተሻው ትናንት አልቆ የዛሬው የመጀመሪያው በረራ ነው። ላይል በተከፈተው መስኮት እጁን አውጥቶ አውለበለበላት፤ ያቺ የማትቀምሰዋ ምን አበላችሽ ብሎ ጮኸባት። ሳትመልስለት ወደ ውስጥ ገባች።

ኤይናር ጃኬታቸውን እየደረቡ ነበር። ማርሊስ ቪቴዎቹን ሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። አንዱን አንሥተው በጣታቸው አገላበጡት፤ ቀለሙን በጥፍራቸው ነካ አደረጉት። ለመካድ አልሞከሩም። የዚያን ጊዜ ቢክዱ ኖሮ ማርሊስ ደስ ባላት ነበር።

“ገመዱ ተበጥሷል” አለች። “ሊለቅ ትንሽ ነው የቀረው።”

“የቱ?”

“የአፍንጫው።”

ቪቴውን መልሰው አስቀመጡት። አርዲስ ከሞቱ ወዲህ መክፈት እንዳቃታቸው ተናገሩ። የሰው አውሮፕላን ሲመጣላቸው ሃንጋሩን ከውስጥ ዘግተው ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ፣ ሲመሽ ዘይቱን ቀይረው እንደሚወጡ፣ ማንም እንደማይጠይቃቸው ነገሯት። የማንን ብላ ጠየቀች። የሁሉንም አሉ። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም።

“ታዲያ ለምን አብረውኝ ተሳፈሩ?” አለች ማርሊስ። “የነካኩት ነገር የለም። ምን እንዳለበት አያውቁም። ለምን ወጡ?”

ኤይናር የጃኬታቸውን ዚፕ እስከ አንገታቸው ዘጉት።

“መሳፈሩን ነው እኮ ስጠብቅ የምከርመው።”

ማርሊስ መጀመሪያ አልገባትም። ፊታቸውን አየች። ያ ፊት አላፈረም፣ አልፈራምም፤ የደከመው ብቻ ነበር። ከዚያ ገባት። ነገሩ እንደ ዱብ ዕዳ ወረደባትና የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። የመንደሩ ሚዛን የሚሠራው መኖር ለሚፈልግ ሰው ነው። ኤይናር የሚያስይዙት ነፍስ ለእሳቸው ዋጋ አልነበረውም። ይህን ሁሉ ዓመት ደግሞ ማንም፣ ፓንኬካቸውን የበላው ሁሉ፣ እሷም ራሷ ሬሳውን የተሸከመችው፣ አንድ ቀን እንኳ እንዴት ነዎት ብሎ መልሱን ቆሞ አልሰማቸውም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። አዘነችላቸው፤ ልታንቃቸውም ፈለገች።

“አምና ብሪታ ከኋላ ነበረች” አለች።

ኤይናር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። ግንባራቸው ተኮማተረ፤ የማስታወስ ነገር ቸገራቸው።

“ወደ ኋላ ዞሬ አላየሁም ነበር” አሉ።

ከውጭ ላይል ጮክ ብሎ ጠራቸው። ኤይናር ኮፍያቸውን ከምስማሩ ላይ አነሡና ምንም እንዳልተባለ ሁሉ አጠገቧ አልፈው ወጡ። የሚሄዱበት ነገር ነበራቸው፤ አረማመዳቸው ማርሊስ ለዓመታት ካየችው የፈጠነ ነበር። ማርሊስ ተከተለቻቸው፤ በጭራው በኩል ዞራ ላይል መስኮት ጋ ስትደርስ ሞተሩ ገና አልተነሣም፣ እጁ ግን ቁልፉ ላይ ነው። ከኋላ ኮሪን ለእህቷ የምትወስደውን ኬክ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈገግ አለችላት።

“አታስነሣ” አለች ማርሊስ። “ውረዱ። ኮሪን፣ ውረጂ።”

“ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ?” አለ ላይል እየሳቀ። በወዲያኛው በኩል ኤይናር በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን መርገጫው ላይ አድርገዋል። ላይል በአውራ ጣቱ ወደ እሳቸው አመለከተ። “አየሽ አይደል፤ ኤይናር አብረውን ይሳፈራሉ እኮ።”

“አውቃለሁ” አለች ማርሊስ፤ እጇንም በመስኮቱ አስገብታ ቁልፉን ነቀለችው።