ሠላሳ ፍሬ ብረት

ብረት፣ ይላል፣ ብረት፣ ደግሞ ይላል፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ያየዋል፣ ከጀርባው መትረየስ የተደበቀ ይመስል፣ ሁለቴ ሚኒስትሪ ወድቆ የቀበሌ ሊቀመንበር የሆነው ሠረቀብርሃን የእኔን እጅ ጽሑፍ ሊመረምር። ብረት ጨርሳለች፣ ሠላሳ ፍሬ ይሰጣት። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሲስተር ፋዲላ፣ ትናንት፣ ለክሊኒካችን መድኃኒት ክፍል። ዘርትሁን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራው ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ አብዮት ጥበቃዎች ፈተሿት፣ ብረት አሉ፣ ሠላሳ ጥይት አሉ፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡሯን አሰሯት። ማንበብ እንኳ አትችልም። ማዶ ክፍል ናት፣ ስታቃስት ይሰማኛል።

እንደሰማሁ ክኒኑን ከነቆርቆሮው ይዤ ሮጥኩ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ብረት ማለት ይኼ ነው፣ እላለሁ፣ ድምፄ ለምን ቀጠነ፣ ደም አንሷታል፣ ብረት ከሌለ ደም አየር አይሸከምም፣ አየር ካልደረሰ የበላችው ጉልበት አይሆናትም፣ ቫይታሚን ቢም ሲጎድል እንደዚሁ ነው፣ ያፈጥብኛል፣ ሰው ውስጥ ብረት አለ ነው የምትዪኝ? አዎ። ምን ያህል? አንዲት ትንሽ ሚስማር የሚወጣው። ይስቃል፣ እሱ ስለሳቀ ጥበቃውም ይስቃል፣ ከብቶች። እኔስ ማን ነኝ፣ ባለፈው ሳምንት ውይይት ላይ ድካም የንዑስ ከበርቴ በሽታ ነው ሲል እጄ እስኪቀላ ያጨበጨብኩት።

አንዷን ክኒን ፊቱ እውጣለሁ። አልፈነዳሁም። ጥበቃውን ያስወጣል፣ በሩን ይዘጋል፣ ድምፁ ዝቅ፣ ሲስተር፣ እኔንም እኮ ይደክመኛል። እንዴ! ካድሬም ይደክመዋል? የዓይኑን ቆብ ገለጥ አድርጌ ውስጡን አያለሁ፣ የቅርጫ ሥጋ፣ ቀይ፣ ምንም አልጎደለበትም፣ የዘርትሁን ግን ነጭ ወረቀት ነው። በጣም ደም አንሶዎታል፣ ጓድ፣ እላለሁ። ቆርቆሮውን እገፋለታለሁ፣ የክሊኒኩን የወሩን የመጨረሻ፣ በቀን አንድ፣ ከምግብ በኋላ። ሆድ እንደሚያደርቅ አልነግረውም፣ ይድረቅበት። እሷስ፣ ጓድ? እጁ ቆርቆሮው ላይ ነው። ፍቷት! ይላል ወደ ውጭ።

ትወጣለች፣ ግድግዳ ይዛ፣ ሁለት እርምጃ፣ ቆም፣ ሁለት እርምጃ፣ ከንፈሯ አመድ፣ ያንን ዳገት እንዴት ልትወጣው ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሲስተር፣ ትለኛለች፣ ጉልበቴን ልትስም ስታጎነብስ እይዛታለሁ፣ አትሳሚኝ፣ እባክሽ አትሳሚኝ። መድኃኒቱስ? አልቋል፣ እላታለሁ፣ በሚመጣው ወር ነይ። በሚመጣው ወር ትወልዳለች።