ጠብ አይሌና የሎሚዋ ቤት

ቆርቆሮ ሠሪውን ሰፈርተኛው «ጠብ አይሌ» ይለዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ባልዲና የውኃ ማጠጫ ሲሠራ አንድም የሚያፈስ ዕቃ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ሠርቶ ሲጨርስ ውኃ ይሞላና ደረቅ ጋዜጣ ላይ ያሳድረዋል፤ ጋዜጣው ረጥቦ ካደረ ዕቃው ይፈርሳል እንጂ አይሸጥም። ወሬም ቢሆን ከአፉ አያመልጥም። ሰዎች ይህንንም ሲያወሩ ሊያመሰግኑት ነው። ሚስቱ ብቻ ስትሰማ ፊቷን ታዞራለች።

ምክንያት አላት። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድያ ልጃቸው ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ሐኪሙ አባቱን ለብቻው ጠርቶ ተስፋ እንደሌለው ነገረው። እሱ ግን ሆዱ እያረረ ጥርሱ እየሳቀ፣ «ደህና ነው፤ በዚህ ሳምንት ይወጣል» አላት። አመነችው። የልጇን አንሶላ አጥባ አልጋውን ልታነጥፍ ወደ ቤት ሄደች። አንሶላው ገና ከገመድ ሳይወርድ መርዶው መጣ።

ከልጁ የቀረ ሕይወት ያለው ነገር አንዲት ሎሚ ናት። ጨምቆ ከጠጣው ሎሚ ፍሬዋን ለቅሞ በወተት ጣሳ የተከላት እሱ ነው። እናቱ እንደ ሕፃን አሳደገቻት። ዘንድሮ እሷም ለቀዶ ሕክምና እህቷ ወዳለችበት ከተማ ስትሄድ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ «ሎሚዋን አደራ» አለችው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው፤ ጠብ አይሌ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

በሦስተኛው ቀን ሎሚዋ ጫፍ ጫፏ ጠወለገ። የጎረቤቱ ትምህርት ቤት አትክልተኛ በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ አያት።

«ጣሳው ጠቧት ሥሯ ታፍኗል፣ ወንድም ዓለም። ሰፊ ቤት ሥራላት። ከታች ጠጠር፣ ከላዩ የከሰል ስብርባሪ፣ ቀጥሎ አሸዋ፣ ከዚያ አፈር። ድርብ ድርብ አድርገው።»

ይህን ለእሱ መንገር በቂ ነው። ላሜራው ላይ በጠመኔ ነድፎ ቆረጠ፤ አጠፈ። ጠጠሩን እንደ ምስር ለቅሞ አጠበ፤ ከሰሉን ሰባብሮ አቧራውን ነፋ፤ ድርቡ ከድርቡ እንዳይደባለቅ በየመካከሉ የሚገባ የሽቦ ወንፊት ልክ በልክ ሠራ። መጋጠሚያውን ሁለት ጊዜ በእርሳስ በየደው። ከዚያ ባዶውን ዕቃ ውኃ ሞልቶ ጋዜጣው ላይ አሳደረው። ጠዋት ጋዜጣው ደረቅ ሆኖ ቢያገኘው ብቻውን ሳቀ።

አትክልተኛውም አይፈረድበት። የተክል ዕቃ ከሥሩ ቀዳዳ እንዳለው የማያውቅ ሰው በምድር ላይ አለ ብሎ በምን ይጠርጥር?

ድርብርቡን ሞልቶ ሎሚዋን ተከላት። ለጥቂት ቀን ቀና አለች። ከዚያ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። «ጠምቷት ነው» ብሎ ውኃ ጨመረላት። ቅጠሏ በረገፈ ቁጥር እሱ ይጨምራል። ሚስቱ ማታ ማታ ትደውላለች።

«ሎሚዋስ?»

«ደህና ናት።»

ስልኩን ዘግቶ ማጠጫውን ያነሣል። ይህችን ቃል ከዚህ በፊትም እንደተናገራት ያውቃል።

ልትመለስ ሁለት ቀን ሲቀራት አትክልተኛውን እየጎተተ አመጣው። ሰውየው ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከትቶ አሸተተና ዕቃውን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ቀዳዳው የታል?»

«የምን ቀዳዳ?»

«የውኃው መውጫ ነዋ!»

«የእኔ ዕቃ አፍስሶ አያውቅም!» አለ ጠብ አይሌ ተቆጥቶ።

አትክልተኛው በሳቅ ሊፈነዳ ነበር፤ የወዳጁን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ጠብ አይሌ ምስማርና መዶሻ አነሣ። ሁለት ጊዜ ቃጥቶ እጁ እምቢ አለው። በሦስተኛው መታው። የሚሸት ጥቁር ውኃ ወረደ። ሥሯን ሲነኩት እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ሟሸሸ።

«እኔ ዘንድ እኩያዋ አለች፤ ቁርጥ እሷን!» አለ አትክልተኛው። «መስኮቱ ላይ አድርጋት። ከሕመም የተነሣች ሴት በምን ትለያታለች? ስትበረታ ትነግራታለህ።»

ስትበረታ እነግራታለሁ። ያኔም ለራሱ ያለው ይህንኑ ነበር። ቢሆንም ችግኟን ተቀበለ። የታመመችውን ሎሚ ከሥራ ቤቱ ጀርባ ደበቃት።

ሚስቱ ቅዳሜ ገባች፤ ከስታለች፣ ግድግዳ ይዛ ነው የምትራመደው። ዓይኗ ቀድሞ መስኮቱ ጋ ደረሰ። ሄዳ ቅጠሉን ዳሰሰች።

«አደራዬን ጠበቅህልኝ» አለችና እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

ከቀብሩ ወዲህ ያ እጅ ነክቶት አያውቅም። ዝም ቢል የእሱ ሆኖ ይቀር ነበር። ዝም ማለት ደግሞ ሙያው ነው። ዛሬ ግን፣

«እሷ አይደለችም» አለ። «ገድያታለሁ መሰለኝ።»

እጇ ከትከሻው ወረደ።

«የት አለች?»

በጓሮ በኩል መራት። ሎሚዋ አንድም ቅጠል የላትም። ሚስቱ በርከክ ብላ፣ ሕይወት እንዳላት ልታይ ግንዷን በጥፍሯ ላጥ አደረገችው፤ ቡናማ። ወረድ ብላ ላጠች፤ ቡናማ። አፈሩ አጠገብ ስትደርስ አረንጓዴ ይሁን ጥላ ያልለየለት ቀጭን መስመር አየች። ጣቷን እዚያው ላይ አቆየችው።

«ያኔም ብትነግረኝ አንሶላ ላጥብ አልሄድም ነበር» አለች ቀና ሳትል። «አጠገቡ እቀመጥ ነበር።»

«እንዳትሰበሪ ብዬ እኮ ነው።»

«እኔ ማዘን አልፈራሁም። የፈራኸው አንተ ነህ።»

ከዕቃው ሥር ውኃው ዛሬም ጠብ ጠብ ይላል።

«ወንበር አምጣልኝ» አለችው።

ሮጦ አመጣላት። እጇን ግንዱ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እሱ አጠገቧ ቆመ። ተቀመጥም አላለችው፤ ሂድም አላለችው።