የውዱ አልጋ

«ለራሱ ለቅሶ ነው እኮ! ማን ይከሰናል?» አለ የሟቹ ጎረቤት ደጀን፣ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አንግቦ።

ከንፍሮው ድስት ስር እሳቱ እየሞተ ነው። ሁለተኛው ቀን ነው፤ ከሮቢትና ከጎብዬ የመጣው ለቀስተኛ ድንኳኑን ሞልቶታል፣ እድሩ ያዋጣው እንጨት ግን አልቋል። ከቤቱ ጀርባ የተከለለው ተራራ ወይራና ክትክታ ለብሶ ቆሟል።

«አንዲት ወይራ ብቻ፣ ዘሊኬ።»

የሟቹ የውዱ ልጅ ዘሊካ ከምንጣፉ ላይ ቀና አለች። «ዛሬ ለአባቴ አንዲት፣ ነገ ለሰርግ አስር፣ ከነገ ወዲያ ለከሰል! ሃያ ዓመት የጠበቀውን በለቅሶው ልትጀምሩት?»

ያ ተራራ ድሮ ራቁቱን ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ የቆላውን ማሳ ደለል ያለብሰዋል። መንደሩ ተማምሎ ከለለው፣ ውዱንም ጠባቂ አደረገው። ችግኝ ተክሎ ፎቶ የሚነሳ እንግዳ በየዓመቱ አይጠፋም። በማግስቱ ፍየሉን የሚያባርረው ግን ውዱ ብቻ ነበር።

ዘሊካ አዲስ ሙሽራ ሳለች አንድ እስር ክትክታ ቆርጣ ስትወርድ ያዛት። ልጄ ናት አላለም፤ ሽማግሌዎች ፊት አቁሞ መጥረቢያዋን አስወረሳት። «አባት ነው ወይስ ፖሊስ?» ብላ ሁለት ወር ዘጋችው። በየጁምዓው ግን ደጇ ላይ አንድ ሸክም ደረቅ እንጨት ይቀመጣል። ባሌ ነው ያመጣው ትል ነበር፣ አንድ ማለዳ አባቷ ጎብጦ ሲያወርድ እስክትደርስበት ድረስ። ጎርፍ የጣለውን ግንድ ከወንዙ ዳር ለቅሞ፣ ሁለት ሰዓት ተሸክሞ ነው የሚመጣው።

«ዝም ብለሽ አንድጂው» አላት ላቡን እየጠረገ። «መጥረቢያሽን ግን አልመልስም።»

«መጥረቢያውን አምጣ» አለች አሁን ለደጀን። ተቀብላው ጓዳ ገባች፤ የአባቷን የጠፍር አልጋ እየጎተተች ወጣች።

«ኧረ በአላህ! ሐዘን አሳበዳት!» አለች አክስቷ ሀስና።

ዘሊካ ጠፍሩን በጥሳ መጥረቢያውን አነሳች።

«ተይ እታለም፣ እኔ ልፍለጠው» አለ ደጀን አንገቱን ደፍቶ። «አያ ውዱ ቢያየኝ ዛሬ እኔንም ሽማግሌ ፊት ባቆመኝ ነበር።»

ለቀስተኛው በእንባው መሃል ሳቀ። ንፍሮውም በአልጋው አራት እግሮች ፈላ።

በመጨረሻ የራስጌው እንጨት ቀረ፤ የውዱ ጭንቅላት አለስልሶታል። ዘሊካ በመዳፏ ዳበሰችው፣ ጉንጯን አስነካችው፣ ከዚያ ዝም ብላ ከድስቱ ስር ሰደደችው።