በሸክላው ላይ ያለችው ሴት

«ተቧጭሯል» አለ አንዷለም፣ የዘፈኑን ሸክላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ። ከንፈሩን እንደ ልማዱ ወደ አንድ ጎን ጣል አደረገ። «እዚህም ተቧጭሯል። ሸክላ በጋቢ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ መወርወር ምን የሚሉት ነው? የበግ ለምድ መሰላችሁ?»

እማማ ጌጤ መደቡ ላይ እንደተቀመጡ ጋቢውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ባለቤቴ ነው እንዲያ ያስቀመጠው። ጋቢውም የሱ ነው» አሉ።

አንዷለም የማይንቀው ሰው አልነበረም። ደብረ ታቦር ላይ በከፈታት ሱቅ በሞባይል ሚሞሪ ዘፈን እየጫነ ይሸጣል፤ የሚያበሉትን ደንበኞቹን ደግሞ ገና ደጃፉን ሳይለቁ ያማቸዋል። «ዘፈን እንደ ምስር በጣሳ የሚሰፈርለት ሕዝብ!» ይላል። ሸክላ ግድግዳ ላይ በሚስማር መትቶ ሆቴሉን አስዋብኩ የሚለውን ባለሀብት ይንቃል። ከአዲስ አበባ መጥተው ሽፋኑን አይተው ብቻ የሚገዙትን ሰብሳቢዎችማ ተዋቸው፣ ስማቸው ሲነሳ ይተፋል። ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳ ሸክላ በነጻ ቢሰጡት አይነካም። «ሰው የሌለበት ዘፈን» ነው የሚለው። እሱ የሚሰበስበው ሕዝብ ፊት የተቀዳውን ነው፤ ወንበር ሲንቋቋ፣ ሰው ሲያስል፣ አንዱ ሞቅ ያለው «ይደገም!» ብሎ አዳራሹን ሲያናጋ የሚሰማበትን።

ከዚያም ሁሉ ሲፈልገው የኖረው ይህንን ነበር። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ አንድ ኦርኬስትራ ለክሊኒክ ማሠሪያ ብሎ ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ የተጫወተውን። የታተመው ለለጋሾች መታሰቢያ ያህል ጥቂት ነው፤ እሱም በየቤቱ ተሰባብሮ አለቀ። አንዷለም ግን የሚፈልገው ብርቅ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ምክንያቱን ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ያሳደገው አጎቱ እሸቴ አንድ ቀን ጠላው ሞቅ ሲያደርገው፣ «እናትህ እኮ እዚያ ሸክላ ላይ አለች፤ እልል ብላ አዳራሹን ያናወጠችው እሷ ናት» ብሎታል። እናቱ እሱን ስትወልድ ነው የሞተችው። አንድ ፎቶግራፍ እንኳ የላትም። ከእሷ የቀረ ነገር ቢኖር ይህ ድምፅ ነው።

እሸቴ ከብት ነጋዴ ነበር፤ ለአንዷለም ያወረሰውም የከብት ገበያ ጠባይ ነው። የምትገዛውን በሬ አጣጥል፤ ቀንዱን ንቀፍ፣ ሻኛውን ንቀፍ፣ ዓይንህ እንደከጀለ ባለቤቱ ካወቀ አለቀልህ። የማን ልጅ እንደሆንክም አትናገር፤ ዝምድና ከተቆጠረ በዋጋ መከራከር ነውር ይሆንብሃል። ስለዚህ ዛሬ እማማ ጌጤ ሸክላ አለኝና ማጫወቻህን ይዘህ ና ብለው ከአንበሳሜ ሲልኩበት ገዢ ሆኖ መጣ። ገና በሩ ላይ «የማን ልጅ ነህ?» ቢሉትም፣ «የማንም። ነጋዴ ነኝ» ብሏቸው ገባ።

ማጫወቻውን ከሻንጣው አወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ አመቻቸ፣ መርፌውን አሳረፈ። ትንሽ ተንጫጫ። ከዚያ አዳራሹ መጣ፤ ጭብጨባው፣ የወንበሩ ኳኳታ፣ የዘፋኙ ጉሮሮ ጠረጋ። የመጀመሪያው ዘፈን ሊያልቅ ሲል፣ ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት እልል አለች። እንዲህ ያለ እልልታ ሰምቶ አያውቅም። ወጣ፣ ረዘመ፣ ያልቃል ሲባል እንደገና ተቀጠለ፤ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ አጥሯት ሳቋ አመለጣት። ዘፋኙም ዘፈኑን አቋርጦ «እሰይ የኔ እመቤት!» አለ።

አንዷለም ወደ ማጫወቻው ጎንበስ አለ። እናቴ፣ አለ በሆዱ። እንዲህ ነው የምትስቂው? እንባው መጣ፤ ባለሸክላዋ እንዳያዩት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ጊዜ ነው የለመደ አፉ የቀደመው።

«ኤዲያ! ይቺ ሴትዮ ዘፈኑን ድራሹን አጠፋችው እኮ! ምን ሆንኩ ብላ ነው እንዲህ የምትጮኸው? እብድ ናት?»

«አጥፋው» አሉ እማማ ጌጤ።

አጠፋው።

«እብድ ያልካት ፋሲካ ትባላለች። ከጎኔ ነበረች። ሆዷ ገፍቶ፣ ዛሬ ትወልዳለች ነገ ትወልዳለች እየተባለች። ‹ቁጭ በይ አንቺ ልጅ፣ ለጽንሱ እዘኚለት› ብላት ሳቀችብኝ። ‹ይስማ!› አለችኝ።» ጋቢውን በእጃቸው ዳበሱት። «ወልዳ አልተነሣችም። ሕፃኑን እሸቴ ይዞት መተማ ወረደ፤ እሸቴም እዚያው ሞተ አሉ። ስንቱ ሸክላውን ሽጪልኝ ብሎኛል። እምቢ ያልኩት ያ ልጅ አንድ ቀን ይመጣል ብዬ ነው።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠሩኝ?»

«ማጫወቻ አለው ቢሉኝ ነዋ። የባለቤቴ ከተሰበረ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁትም። እሸጣለሁ አልኩህ?»

አንዷለም ወደ እሳቸው ዞረ።

«እማማ... ልጁ እኔ ነኝ።»

ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ስትገባ የማንም አልከኝ። አሁን ሸክላው ሲያምርህ የፋሲካ ሆንክ?»

«እውነቴን ነው! እሸቴ ነው ያሳደገኝ።»

«እሸቴን የነገርኩህ እኔ! ከአፌ ለቅመህ መልሰህ ለኔው ልትሸጥልኝ?» ተነሥተው ሸክላውን ከማጫወቻው ላይ አነሡት፤ አያያዛቸው ሌላ ቀን ቢሆን አንዷለምን ያስጮኸው ነበር። «የፋሲካ ልጅ ድምጿን ሰምቶ እብድ ናት አይልም። ውጣልኝ።»

አንዷለም ዕድሜውን ሙሉ የናቃቸውን ሰዎች ሁሉ አንድ ላይ ቢደምራቸው በዚያች ሰዓት ራሱን የናቀውን ያህል አይሆኑም ነበር። ባዶ ሻንጣውን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ።

«ዕቃህን ጥለህ!»

«ይቆይዎት። ያችን ቁልፍ ጫን ሲሏት ይዞራል። መርፌውን ብቻ ቀስ አድርገው...» አልጨረሰውም፤ ወጣ።

አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከመንገዱ ማዶ የሚኒባስ ረዳት «ታቦር! ታቦር! የሞላ!» እያለ ይጣራል። ከቤቱ ውስጥ መርፌው ሸክላውን በአግድም ሲፍቀው ተሰማ። አንዷለም ዓይኑን ጨፈነ፤ አልተነሣም። ከዚያ ጭብጨባው፣ ወንበሩ፣ ዘፈኑ። እልልታውም መጣ፤ በላዩ ላይ አንድ ያረጀ፣ የሻከረ እልልታ ከቤት ውስጥ ተቀበለው፣ አብረው ረዘሙ፣ አብረው ተቆረጡ። የሳቀችው ግን አንዷ ብቻ ናት።

ረዳቱ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ወንድም፣ ትሄዳለህ አትሄድም? አንድ ሰው ነው የቀረን!»

«ዝም በል» አለው አንዷለም። «እናቴ ናት።»

ረዳቱ አንዴ ቤቱን፣ አንዴ ሰውየውን አየ። ከንፈሩን ጣል አደረገና ወደ መኪናው ተመለሰ። መኪናው ሲሄድ ውስጥ መርፌው ተነሣ፤ እንደገናም ከመጀመሪያው ተተከለ። በሩ እንደተዘጋ ነው።