የዝናብ መውጫ ወረቀት

ወረዳው ለመጋዘኑ የጻፈው ደብዳቤ አጭር ነበር። ከግቢው የሚወጣው የዝናብ ውሃ ከታች ያሉትን ነዋሪዎች ስላጥለቀለቀ፣ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ውሃ ያለ ቁጥጥር ከግቢ እንዳይወጣ ይላል። መሐንዲሶቹ አንብበው ከአጥሩ ጥግ ትልቅ የውሃ ማቆሪያ ኩሬ አስቆፈሩ፣ ቫልቭ ገጠሙለት። «ሲሞላ ወደ ወንዙ ልቀቁት፣ ለሚቀጥለው ዝናብ ቦታ ይኑረው» ብለውም ሄዱ። የጥበቃ ኃላፊው ጋሽ ጀቤሳ ግን ደብዳቤውን ያነበቡት በዘበኛ ዓይን ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቃሊቲው መጋዘን አንዲት ጠብታ ያለ መውጫ ወረቀት ወጥታ አታውቅም። ዝናብ የመታው ሠራተኛ በር ላይ ጃኬቱን ይጨምቃል። የከባድ መኪና ሾፌር ጎማውን ያስወለውላል። አንዱ ቦቲው ውስጥ ውሃ ተገኝቶበት፣ ተመልሶ ኩሬው ውስጥ እንዲደፋ ተደርጓል። ሴቶቹን የምትፈትሸው ዳሲቱም የጃንጥላ አራጋፊ ሆና አረፈችው።

የዳሲቱ ቤት ከአጥሩ ሥር ነው። አምና ሐምሌ ጎርፉ ፍራሿን ይዞባት ሄዷል። ዘንድሮ አልጋዋን በአራት ብሎኬት ከፍ አድርጋዋለች። ብሎኬቶቹን የተዋሰችው ከመጋዘኑ ነው፤ በመውጫ ወረቀት፣ «ክረምቱ ሲወጣ ይመለሳል» ተብሎ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ኩሬው ጢም ብሎ ሞላ። በሳሪስ አቦ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። አንድ ዝናብ ከተጨመረ ኩሬው ገንፍሎ የሚሄደው ወዴት እንደሆነ ዳሲቱ አሳምራ ታውቃለች።

«ጋሽ ጀቤሳ፣ ቫልቩን ይክፈቱት እንጂ።»

«ወረቀት አለው?»

«ውሃ ነው እኮ።»

«ቆርቆሮም ቆርቆሮ ነው። ያለ ወረቀት ወጥቶ ያውቃል?»

ዳሲቱ ወደ ንብረት ክፍል ኃላፊው ወደ ጌዲዮን ሮጠች። ጌዲዮን እናቱን እንኳ «ደህና አደርሽ» የሚላት በሦስት ኮፒ ነው።

«ገቢ ያልሆነ ንብረት ወጪ አይሆንም» አላት። «ውሃውን ማነው ያስረከበው?»

«እግዜር።»

«ቀርቦ ይፈርማል?»

ዳሲቱ በመስኮት ሰማዩን አየች። «መምጣቱንስ እየመጣ ነው። ከመጣ ግን መጀመሪያ የሚያስፈርመው አንተን ነው።»

ጌዲዮን ባዶ የገቢ ቅጽ አውጥቶ «አስረካቢው ይፈርምበት» አላት። ዳሲቱ ተናዳ ስትወጣ የመጋዘን ሦስትን ጣሪያ አየችና ቆመች። ውሃው ግቢ የገባው በዚህ ጣሪያ አይደል? ጣሪያው ደግሞ ኃላፊ አለው። ቢራ የሚባለውን ኃላፊ ምሳውን እየበላ አገኘችው።

«ቢራ፣ ጣሪያህ ያወረደውን ፈርም።»

ቢራ እጁን ጠርጎ ቅጹን ተቀበላት። «ጉዳት አለው?»

«ትንሽ ደፍርሷል።»

«የደፈረሰ» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ጌዲዮን ፊርማውን ሲያይ ፊቱ ፈካ። ወጪውን መሙላት ጀመረ። ዓይነት፣ የደፈረሰ ውሃ። መጠን፣ የኩሬው ግማሽ። ተረካቢ፣ አቃቂ ወንዝ። የታርጋ ቁጥር የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«በምን ይጫናል?»

«በእግሩ ይሄዳል በለው።»

እንዳለችው ጻፈና ማኅተሙን እፍ ብሎ መታበት።

ጋሽ ጀቤሳ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት፣ ገልብጠው ጀርባውንም አዩት። ከዚያ ቫልቩን ፈቱት። ውሃው በቱቦው ወደ ወንዙ ሲወርድ ኩሬው ዳር ቁጢጥ ብለው በዱላቸው እየለኩ ጠበቁ። ልክ ግማሽ ሲሆን ዘጉት።

«ምናለ ሁሉንም ቢለቁት?»

«ግማሽ ነው የሚለው።»

ገና ቫልቩን እንደዘጉ ዝናቡ ወረደ። እስከ አሥር ሰዓት ዘነበ። ኩሬው ሞላ፣ ሞላ፣ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ቆመ። ዳሲቱ ከሥራ ስትወጣ ጋሽ ጀቤሳ በሩ ላይ አስቆሟት።

«ጃንጥላሽ።»

ልትናገራቸው አፏን ከፈተች። ከአጥሩ ማዶ ግን ጎርፍ አይሰማም። አፏን ዘጋችና ጃንጥላዋን ወደ ግቢው ሦስት ጊዜ አራገፈች። ቤቷ ደርሳ አልጋዋ ሥር እጇን ስትሰድ፣ እጇ ደረቅ አቧራ ብቻ ይዞ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ በየዝናቡ አንድ መውጫ ተቆረጠ። መስከረም አልቆ ሰማዩ ሲጠራ፣ ዳሲቱ አልጋዋን አውርዳ አራቱን ብሎኬቶች በጋሪ መለሰች።

«መግቢያ አላቸው?» አሉ ጋሽ ጀቤሳ።

«በእናንተው ወረቀት ነው የወጡት።»

«እሱማ መውጫ ነው።»

ዳሲቱ ብሎኬቶቹን ከበሩ ፊት ደረደረችና አንዱ ላይ ተቀመጠች። «ጌዲዮን እስኪመጣ እንጠብቃ። እርስዎም ቁጭ ይበሉ፣ ሦስት ተርፏል።»

ጋሽ ጀቤሳ ብሎኬቱ ከበሩ መስመር ውጭ መሆኑን አጎንብሰው አረጋገጡና ተቀመጡ።